ከነልጆች ሰው አገር ሲገባ ኑሮ እንዴት ይጀመራል?

ቤተሰብ ይዞ ወደ ሌላ አገር ከተማ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለቪዛ፣ ለትኬትና ለቤት ኪራይ ነው። እነዚህ እንደምንም ያልቃሉ። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው የአዘቦት ቀን ነው። ልጁን ትምህርት ቤት ማን ያደርሰዋል? ሲያተኩሰው የት ይወሰዳል? ቤት የዋለው ወላጅ ከማን ጋር ያወራል? እኔ የማምነው መጀመሪያ የልጁ ቀን መስተካከል አለበት ብዬ ነው። የልጁ ቀን መልክ ከያዘ የቀረው በዚያ ዙሪያ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ከታች ያለው ቅደም ተከተልም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው።

1. ወረቀቱን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ

የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ መንጃ ፈቃድ። ከቤተሰቡ ክትትል ያለበት ሰው ካለ ደግሞ የሐኪም ማጠቃለያ። ዋናዎቹ በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ኮፒያቸው ኢሜይላችሁ ላይ ይቀመጥ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ማረጋገጫው ላይ ነው። በ1961 ሄግ ላይ የተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። ሰነዱን የሰጠው አገርም የሚቀበለው አገርም የዚህ ስምምነት አባል ከሆኑ አፖስቲል የሚባል አንድ ማረጋገጫ ይበቃል። አንዱ አባል ካልሆነ ግን ሰነዱ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በሰጪው አገር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ በተቀባዩ አገር ኤምባሲ መረጋገጥ ይኖርበታል። ይህን ከሄዱ በኋላ በዘመድ በኩል ከሩቅ ማስጨረስ አድካሚ ነው። ትርጉሙ ላይ ግን አትቸኩሉ። እዚያው አገር የተመዘገበ ተርጓሚ የሠራውን ብቻ የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶች ስላሉ ቀድማችሁ ጠይቁ። የሁላችሁም ስም በሁሉም ወረቀት ላይ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። አንዲት ፊደል ከተለየች መጉላላት ይመጣል።

መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪሙ የንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን ስም ይጻፍላችሁ። የንግድ ስም አገር ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። እኔ አንድ ሌሊት ልጄ ሲያተኩሰው የማውቀውን የሽሮፕ ስም ለፋርማሲስቷ ብደጋግምላት ራሷን ከመነቅነቅ በቀር መልስ አልነበራትም። ባዶውን ጠርሙስ ገልብጬ ጀርባው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳሳያት ወዲያው ዘወር ብላ አንድ ዕቃ አወረደች። ቀለሙም፣ ሣጥኑም፣ ስሙም ሌላ ነው። ውስጡ ያው ፓራሲታሞል ነበር። ይህ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ አሲታሚኖፌን ይባላል። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞልም እዚያ አልቡቴሮል ነው። ከዚህ ሌላ፣ አንዱ አገር እንደ ልብ የሚሸጠው መድኃኒት ሌላው ዘንድ ቁጥጥር የሚደረግበት ሊሆን ይችላል፤ ኮዴይን ያለባቸው ማስታገሻዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የሐኪም ማዘዣ ይዛችሁ፣ የምትሄዱበትን አገር ሕግ አይታችሁ ተነሱ።

2. መጀመሪያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቤት

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕቃ የተሟላለት ጊዜያዊ ማረፊያ ያዙ። ዋጋው ይከብዳል። ቢሆንም በሩቁ የዓመት ውል ፈርሞ የማይሆን ሰፈር ውስጥ ከመታሰር ይሻላል። ፎቶው ያማረ፣ ኪራዩ ከአካባቢው ዋጋ በጣም የወረደ፣ አከራዩ «አሁን ውጭ ነኝ፤ ማስያዣውን ላኩና ቁልፉን በፖስታ እልክላችኋለሁ» የሚልበት ቤት ካጋጠማችሁ እለፉት። የታወቀ ማጭበርበር ነው። ቤቱን እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው በዓይኑ ሳያየው አንድ ሳንቲም እንዳይወጣ።

አብዛኛው ቤተሰብ ቤት ይይዝና ትምህርት ቤት ፍለጋ ይወጣል። ገልብጡት። በብዙ ከተሞች የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ የሚቀበለው በመኖሪያ አድራሻ ነው። መንገድ አሻግሮ ያለው ቤት የሌላ ትምህርት ቤት ክልል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን መርጣችሁ የክልሉን ወሰን ከጠየቃችሁ በኋላ በእግር 20 ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ውስጥ ቤት ፈልጉ። ትልቅ ሳሎን ከሩቅ ትምህርት ቤት ጋር ከሚሆን፣ ጠባብ ቤት ከቅርብ ትምህርት ቤት ጋር ይሁን። በእግር የሚሄድ ልጅ የሰፈሩን ልጆች መንገድ ላይ ያገኛል፤ ወላጁም ወላጆችን ያገኛል። በመኪና የሚመላለስ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ያጣል።

ቁልፍ የተረከባችሁ ቀን ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ምድጃውንና የቆጣሪዎቹን ንባብ ፎቶ አንሱና በዚያው ዕለት ለአከራዩ በኢሜይል ላኩ። ስትወጡ ማስያዣችሁን የሚያስመልሰው እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ይዛችሁ የመጣችሁ እንደሆነ ጀርባውን አንብቡ። 100–240 ቮልት የሚል ቻርጀር የትም ይሠራል፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይፈልጋል። ካውያና የፀጉር ማድረቂያ ግን ብዙዎቹ ለአንድ ቮልቴጅ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ የ120 ቮልቱን ዕቃ 230 ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል።

3. የአድራሻን ሰንሰለት ከጫፉ ያዙ

ባንኩ አድራሻ ይላል፣ አከራዩ የባንክ ሂሳብ ይላል፣ የስልክ ድርጅቱ ሁለቱንም ይላል። ከየት እንደሚጀመር ካላወቃችሁ ትዞራላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ የመኖሪያ ምዝገባ ነው። ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ ቤት የገባ ሰው በ2 ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ለዚህም አከራዩ የሚሰጠው የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አከራዩን «በዚህ አድራሻ መመዝገብ እንችላለን?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያቅማማ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ።

4. የሐኪምና የድንገተኛ ጉዳይ

ማንም ሳይታመም የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ተመዝገቡ። የክትባት መርሐ ግብር ከአገር አገር ስለሚለያይ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የጎደለ ካለ እዚያው ይሟላል። ቴርሞሜትሩ በፋረንሃይት ከሆነ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት 100.4 መሆኑን በር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። ከጎኑ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩን አድርጉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ 112፣ በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በብሪታንያ 999 ነው። ልጁ ቁጥሩንና የቤቱን አድራሻ በአገሩ ቋንቋ በቃሉ ይያዝ።

5. ልጁ ዝም ሲል

እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

ቤት ውስጥ አላስቀምጥ የሚል ልጅ አዲሱ ትምህርት ቤት ገብቶ አፉን ይዘጋል። መምህሯ «አንድ ቃል አልወጣውም» ትላለች። ወላጅ ይደነግጣል። ቋንቋ በመልመድ ላይ ያሉ ልጆች ላይ ይህ የታወቀ ነገር ነው። ልጁ እየሰማ፣ እያየ፣ እያጠራቀመ ነው። ከጥቂት ሳምንታት እስከ ብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ዛሬ ምን አወራህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ዛሬ ማን አጠገብ ተቀመጥክ?» በሉት። የመጀመሪያው ጥያቄ ፈተና ነው፤ ሁለተኛው ወሬ ነው።

ደግሞ ከትምህርት ቤት እንደወጣ የሚያለቅስ፣ ወንድሙን የሚመታ፣ በትንሹ የሚነጫነጭ ከሆነ አትደነቁ። ቀኑን ሙሉ በማይገባው ድምፅ መሃል ውሏል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ምንም አትጠይቁት። ይብላ፣ ይጋደም፣ ዝም ይበል። የቤት ሥራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጥቂት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን አለማምዱት። ሰላምታና «እባክዎ» ራሳቸው ይመጣሉ። አስቸኳዮቹ እነዚህ ናቸው፦ «ሽንት ቤት መሄድ እፈልጋለሁ»፣ «አልገባኝም»፣ «አሞኛል»፣ «ተው፣ አልፈልግም»፣ «አብሬያችሁ ልጫወት?» እኛ ቤት ጫማ እያደረግን በር ላይ ነበር የምንለማመደው። እኔ መምህር እሆናለሁ፣ ልጄ እጁን ያወጣል። በተለይ የሽንት ቤቱን ዓረፍተ ነገር ሳያስብ እስኪለው ድረስ ደጋገምነው። ቃሉ ጠፍቶት ክፍል ውስጥ የሸና ልጅ ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል፤ ያንን መመለስ ቋንቋ ከማስተማር በላይ ይከብዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ላይ ጠንቀቅ በሉ። «ቶሎ እንዲለምድ ቤት ውስጥም የአገሩን ቋንቋ ብቻ አናግሩት» የሚሏችሁ ሰዎች አሉ። እኛንም አንድ መምህር በቅንነት እንዲሁ መክሮናል። አልተቀበልነውም፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ ችግር አያመጣም። ወላጅ በማይቀናው ቋንቋ ልጁን ሲያናግር ግን ልጁ የሚሰማው የተጎራረደ፣ ትእዛዝ ብቻ የሆነ ንግግር ነው። ተረት የለበትም፣ ቀልድ የለበትም፣ የልብ ጨዋታ የለበትም። የአገሩን ቋንቋ ከትምህርት ቤትና ከጓደኞቹ ያገኘዋል። የእናንተን ቋንቋ የሚሰጡት ግን እናንተ ብቻ ናችሁ። ልጁ በአገሩ ቋንቋ ቢመልስላችሁ አትቆጡት፤ እናንተ በራሳችሁ ቀጥሉ። እናትና አባት የተለያየ አፍ መፍቻ ካላቸው እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ያናግረው።

ሌላው የሚያሳስት ነገር ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይመጣል። ልጁ ሜዳ ላይ እንደ አገሩ ልጅ ሲያወራ ትሰማላችሁና «በቃ ቻለ» ትላላችሁ። የቋንቋ ተመራማሪው ጂም ከሚንስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንዳሳየው፣ የጨዋታ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ አንድ ላይ አይደርሱም። የመጀመሪያው 2 ዓመት ገደማ ይወስዳል። የሳይንስና የታሪክ መጽሐፍ አንብቦ ከእኩዮቹ ጋር እኩል ለመድረስ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የቋንቋ ድጋፉን ቶሎ ላቋርጥ ቢል «ማንበቡስ? መጻፉስ?» ብላችሁ ተከራከሩ። ውጤቱ ዝቅ ቢልም ሰነፍ ነው ለማለት አትቸኩሉ።

መቼ ነው መጨነቅ ያለባችሁ? ቤት ውስጥም በእናንተ ቋንቋ ማውራት ካቆመ፣ የሚያውቀው ቃል ከጠፋው፣ ከልጆች ጋር በምልክት እንኳ መጫወት ካልፈለገ ወይም ዝምታው ወራት አልፎ ምንም ለውጥ ካላሳየ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። ምርመራው በሁለቱም ቋንቋ እንዲሆን ጠይቁ። በማያውቀው ቋንቋ ብቻ የተፈተነ ልጅ ሳይታመም የታመመ ሊመስል ይችላል።

ጓደኛ የሚገኘው አንድ በአንድ ነው። ለመምህሯ «ልጄ አጠገቡ መሆን የሚወደው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ያንን አንድ ልጅ ከወላጁ ጋር መናፈሻ ጋብዙ። ኳስ፣ መንሸራተቻ፣ አሸዋ፤ ቋንቋ ብዙ የማይጠይቅ ነገር ይሁን። ብዙ ልጆች የተጠሩበት ድግስ ለዝምተኛ ልጅ ያው ሌላ ክፍል ነው።

ልጁ ቋንቋውን ከናንተ ቀድሞ ይይዛል። ያኔ ሐኪም ዘንድ፣ ባንክ ወይም ቀበሌ አስተርጓሚ አታድርጉት። የእናቱን ሕመም ወይም የቤቱን ዕዳ ልጅ ተርጉሞ መናገር የለበትም። ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ካላቸው መጠየቅ አትፈሩ፤ ከሌላቸው ትልቅ ሰው ለምኑ።

6. ቤት የዋለውን ወላጅ አትርሱ

አንዱ ሥራ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ሠራተኛው ባልደረባ አለው፣ ልጁ ክፍል አለው፣ ሦስተኛው ሰው ምንም የለውም። አንትሮፖሎጂስቱ ካሌርቮ ኦበርግ በ1960 ስለ ባህል ድንጋጤ ሲጽፍ፣ የመጀመሪያው ሰሞን ሁሉም ነገር እንደሚያምርና ጭንቀቱ ኋላ እንደሚመጣ ገልጿል። ቤት የዋለው ሰው ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። እንግዳነቱ ሲያልቅ ሆድ መባስ ይጀምራል።

ከመምጣታችሁ በፊት የተከታዩ ቪዛ ሥራ ይፈቅድ እንደሆነ እወቁ። ከመጣችሁ በኋላ የባንክ ሂሳቡ በሁለታችሁም ስም ይሁን፤ የራሱ ስልክ፣ የራሱ የትራንስፖርት ካርድ ይኑረው። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከቤት የሚያስወጣ የማይቀር ቀጠሮ ይያዝለት፤ እኔ የማስቀድመው የቋንቋ ትምህርትን ነው። ቋንቋም ሰውም አንድ ቦታ ይገኛል። በዚያ ሰዓት ልጆቹን የሚይዘው ሠራተኛው ይሁን። «ሥራ በዝቶብኛል» ከተባለ ቀጠሮው በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል።

7. ከአያቶች ጋር የስልክ ቀን ይኑር

«ሲመቸን እንደውላለን» ከተባለ አይደወልም። ቀንና ሰዓት ቁረጡ። ትንሽ ልጅ «ደህና ነህ?» ለሚል ጥያቄ መልስ የለውም፤ ስለዚህ የሚያሳየው ነገር ይዞ ይቅረብ። ሥዕሉን፣ የወለቀ ጥርሱን፣ የሠራውን ቤት። አያት ተረት ቢያወሩለት ደግሞ ቋንቋውንም አብሮ ይማራል። አውሮፓ ውስጥ በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ አሜሪካ ውስጥ በማርች ሁለተኛና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓት ስለሚቀየር በእነዚያ ሳምንታት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለዚያ ስልኩን ይዘው አንድ ሰዓት ሙሉ ይጠብቃሉ።