ካሴት የሚበላ ዎክማን፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ወሎ ውስጥ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ካሴት አይጠፋም። የሠርግ፣ የመንዙማ፣ ከዓረብ አገር በድምፅ የተላከ ደብዳቤ። አብዛኛው ሌላ ቅጂ የለውም። ደሴ ውስጥ ቴፕና ዎክማን ስጠግን ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች የሚያበሳጩኝም ለዚህ ነው።

ትልቁ ስህተት የማይተካውን ካሴት መሞከሪያ ማድረግ ነው። ዎክማኑ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከርሟል። ባትሪ ድንጋይ ይገባለታል፣ ሞተሩ ሲዞር ይሰማል፣ “ይሠራል!” ይባላል። ወዲያው የሟች አባት ድምፅ ያለበት ካሴት ይከተታል። እባካችሁ! ሞተሩ ዞረ ማለት ዎክማኑ ደህና ነው ማለት አይደለም። ክሩን የሚስበው አንዲት ቀጭን ዘንግና በላይዋ የምትጫን ትንሽ ጎማ ናቸው፤ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ያሳልፋሉ። ያለፈውን ክር የሚጠቀልለው ደግሞ የቀኙ ማዞሪያ ጥርስ ነው። እሱ ቢደክምም ጎማዋ መሳቧን አታቆምም። ክሩ መሄጃ ሲያጣ እዚያው ጎማው ላይ ይጠመጠማል።

ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን አስነሱት። ክዳኑ ተከፍቶም የሚሠራ ከሆነ የቀኙን ጥርስ በጣት ጫፍ በስሱ ያዙት። ገና ስትነኩት ቀጥ ካለ ችግሩ እዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ኃይል የሚያስተላልፈው የላስቲክ ቀበቶ ላልቶ ነው። የደከመ ባትሪም እንዲሁ ያደርጋል። ቀጥሎ ቢበላም የማያስቆጭ ካሴት አንድ ገጽ ሙሉ ይጫወት። የአባት ካሴት ከዚያ በኋላ ይገባል።

ሲበላ መንጭቆ ማውጣትስ? አንዲት እናት ዎክማኑን በአንድ እጅ፣ ካሴቱን በሌላ እጅ ይዘው መጡ። መሐሉ ላይ ክር ተንጠልጥሏል። “ልጄ፣ አልጎተትኩትም” አሉኝ። ደግ አደረጉ። ባትሪውን አወጣሁ፣ የጀርባውን ብሎኖች ፈታሁ፣ ቀበቶው የሚያዞረውን ክብ ብረት በጣቴ ወደ ኋላ ገፋሁት። ክሩ ከዘንጓ ላይ አንድ አንድ ዙር እየለቀቀ ወጣ። የተጨማደደው ቦታ ላይ ድምፁ ወረድ ይላል እንጂ መንዙማው አለ። ጎትተውት ቢሆን ክሩ ይለጠጥ ነበር። የተለጠጠ ክር አይመለስም።

የስፌት መኪና ዘይት ማንጠባጠብ ይቅር። ቀበቶውና ጎማው ላይ ከደረሰ ያንሸራትታል፤ በልቶ የማያውቀውም መብላት ይጀምራል።

ሄዱን፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ክፍል፣ ብቻ ጠርጎ መተውም አለ። ሄድ ሲቆሽሽ ድምፅ ይታፈናል። ካሴት የሚያስበላው ግን ጎማዋ ላይ የተጋገረው ቡናማ ቆሻሻ ነው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ፣ ጥጡ ንጹሕ እስኪሆን ጥረጉና ይድረቅ። ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አጠገቡ አይድረሱ።

በቀበቶ ፋንታ የብር ማሰሪያ ላስቲክ አታስገቡ። ድምፁ ይዋልላል።

የላላ ክር ያለበትን ካሴት ከመክተታችሁ በፊት በእስክሪብቶ አጥብቁት።

የ120 ደቂቃ ካሴት ክሩ ከ60ው ግማሽ ያህል ስስ ነው። በተጠረጠረ ዎክማን ፈጽሞ አታጫውቱት።

የተበጠሰ ክር በተራ ስኮች አይቀጠልም፤ ሙጫው ይወጣና ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ካሴት አትተዉ። ከደሴ ሐረጎን አልፋችሁ ስትወርዱ ሙቀቱ ሌላ ነው። የካሴቱ ፕላስቲክ ከተጣመመ ክሩ ይይዛል፣ ደህናው ዎክማንም ይበላዋል።

ካሴቱ በደህና ሲጫወት ያኔውኑ ወደ ኮምፒውተር ቅዱት። ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ አገናኙ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ አለዚያ ይሰነጣጠቃል። መቅጃ ቁልፍ ባለው ቴፕ የምታጫውቱት ከሆነ ግን በካሴቱ ጀርባ በኩል፣ ክሩ ከሚታይበት ጠርዝ ተቃራኒ፣ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች አስቀድማችሁ ስበሩ። አንዷ ለአንዱ ገጽ፣ ሌላዋ ለሌላው ናት። ከዚያ በኋላ ማንም ተሳስቶ በላዩ አይቀዳበትም።