ጂ 10.8 ከመጣባችሁ ቆጠራችሁን እዩት

የፔንዱለም ሙከራ ወጪ የለውም። ክር፣ ከጋራዥ የተለመነ ዳዶ፣ ምስማርና የሞባይል ስቶፕዋች ይበቃሉ። 1 ሜትር ክር ላይ የተንጠለጠለ ዳዶ አንድ ደርሶ መልስ ለመጨረስ 2 ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። ከርዝመቱና ከጊዜው ተነስታችሁ የመሬት ስበትን፣ ማለትም ጂን ታሰላላችሁ፤ መልሱ 9.8 አካባቢ (ሜትር በሰከንድ ስኩዌር) መምጣት አለበት። ይህን ሙከራ የምወደው የተሳሳተው መልስ ራሱ የት እንደሳታችሁ ስለሚያሳብቅ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ቆጠራ ላይ ነው። ዳዶውን እየለቀቁ «አንድ» ይላሉ። ገና ምን ሄደና? «ዜሮ» ነው መባል ያለበት። በ«አንድ» ከጀመራችሁ «ሃያ» ስትሉ ያለቀው 19 ደርሶ መልስ ብቻ ነው። ስቶፕዋቹ 38.2 ሰከንድ ገደማ ያሳያል። ለ20 ስታካፍሉት ጂ 10.8 ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይቺው ደርሳብኛለች፤ ጥፋቱን ግን በሰዓቱ አሳበብኩ።

አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ለክቶ መተውም አለ። ጣታችን ስቶፕዋቹን ሲጫን 0.2 ሰከንድ ያህል ሊዘገይ ይችላል። ከ2 ሰከንድ ውስጥ ይህ 10 በመቶ ነው። ጂ በሚሰላበት ፎርሙላ ውስጥ ጊዜው በራሱ ስለሚባዛ ጂ ላይ ሲደርስ ስህተቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። 20 ደርሶ መልስ ከለካችሁ ግን ያቺው 0.2 በ40 ሰከንድ ላይ ትበተናለች። ሰዓቱን የምትጀምሩት ዳዶው መሃል ሲያልፍ ይሁን። ጫፍ ላይ ዝግ ስለሚል መቼ እንደተመለሰ ዓይን አይለይም።

ደግሞ እንደ ዥዋዥዌ አትወንጭፉት። ፎርሙላው የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ነው፤ 10 ዲግሪ ይበቃል። ከ60 ዲግሪ ከለቀቃችሁት ጂ ወደ 8.5 ይወርዳል።

ርዝመት ሲለካ ክሩ ብቻ አይደለም የሚለካው። ከምስማሩ እስከ ዳዶው እምብርት ነው። በዳዶ ፋንታ ድንጋይ ካሰራችሁ እምብርቱን መገመት ስለሚከብድ፣ ርዝመቱን አምስት ጊዜ እየቀያየራችሁ የጊዜውን ስኩዌር ከርዝመቱ አንጻር በግራፍ ሳሉ። መስመሩን በግድ ዜሮ ላይ አታሳልፉት። የ2 ሴንቲሜትር ስህተት መስመሩን ከዜሮ ያርቀዋል እንጂ ተዳፋቱን አይነካውም፤ ጂን የምታገኙት ደግሞ ከተዳፋቱ ነው።

የሚያናድደኝ ግን መልሱን አይቶ ዳታ መፈብረክ ነው። መልስ ተብሎ የሚያዘው 9.81 ለአውሮፓ የሚቀርብ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ከ2,300 ሜትር በላይም ከፍ ትላለች፤ እዚያ ጂ 9.77 አካባቢ ነው። ልዩነቱን በሞባይል ስቶፕዋች መለየት ይከብዳል። ታዲያ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ቡድን እኩል 9.81 ይዞ ሲመጣ መምህሩ ምን ይበል?