የወፈረች ድመት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድመት ስትወፍር «ተመችቷታል» እንላለን። እኔም የቤቴ ድመት ጀርባዋን መላስ አቅቷት ከጭራዋ በላይ ያለው ፀጉር እስኪቋጠር ድረስ እንደዚያ እል ነበር። ነገሩ ሲገባኝ ደግሞ ላከሳት ብዬ የባሰ ጥፋት አጠፋሁ። ከሁሉ የሚከፋው እሱ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

ምግብ በአንዴ መንሳት

«ጥቂት ቀን ብትራብ ትከሳለች» ብዬ ምግቧን በግማሽ ቀነስኩ፤ በዚያው ቀን ዓይነቱንም ቀየርኩት። አሽታ ተወችው። በማግስቱም እንደዚያው። የእንስሳት ሐኪም ጋ ስደውል ክብደቷን ትተው ስለ ጉበቷ ነገሩኝ። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ መብላት ስታቆም ሰውነቷ ያከማቸው ስብ ወደ ጉበት ይጎርፋል። ጉበት ያን ሁሉ መጨረስ ስለማይችል ራሱ በስብ ይሞላና ሥራው ይስተጓጎላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ይገድላልም። ስለዚህ የወፈረች ድመት ቀኑን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ለሐኪም ይደውሉ፤ ድዷ ቢጫ እስኪሆን አይጠብቁ።

አዲስ ምግብ ከድሮው ጋር እየተቀላቀለ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይተካ። ክብደቷ በሳምንት ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ቢቀንስ በቂ ነው። 5 ኪሎ ለምትመዝን ድመት ይህ ከ25 እስከ 50 ግራም ነው፤ አንድ ኪሎ ለማውረድ አምስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል ማለት ነው።

በዓይን መፍረድ

ፀጉር ብዙ ይደብቃል፤ የሚሻለው መዳሰስ ነው። እጅዎን ዘርግተው የእጅዎን ጀርባ በሌላው እጅ ጣቶች ይንኩ፦ አጥንቱ በስሱ ይሰማል። የደህና ድመት ጎድን እንደዚያ ነው። ጭብጥ አድርገው አንጓዎቹን ሲነኩ የሚሰማዎት ዓይነት ከሆነ ከስታለች፤ እንደ መዳፍዎ ውስጥ ልስልስ ብሎ አጥንቱ ከጠፋ ወፍራለች። ከኋላ እግሮቿ ፊት ለፊት የሚወዛወዘው ልል ቆዳ በቀጭን ድመትም ላይ ስለሚኖር አያስደንግጥዎ። ጀርባዋ እየከሳ ሆዷ ብቻ ከተነፋ ግን ውፍረት አይደለም፤ ሆዷ ውስጥ ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለባት።

ሳህኑን ሞልቶ መሄድ

ደረቅ ምግብ በ100 ግራም ከ350 እስከ 400 ካሎሪ ገደማ አለው። ቤት ውስጥ ለምትውል 4 ኪሎ ድመት በቀን 200 ካሎሪ አካባቢ ይበቃታል፤ ከ50 እስከ 57 ግራም መሆኑ ነው። ሳህን ላይ ሲያዩት ያሳዝናል! ግን በእፍኝ ሲሰፍሩ ሳያውቁት የሚጨመር 10 ግራም የቀኗን አንድ አምስተኛ ሊጠጋ ይችላል። በኩባያም አይተማመኑ፤ የወጥ ቤት ሚዛን ይጠቀሙ። ሲያሰሉም አሁን ባላት ክብደት ሳይሆን ሊኖራት በሚገባው ይሁን። እርጥብ ምግብ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በትንሽ ካሎሪ ሆድ ይሞላል።

ከማምከን በኋላ ያንኑ መጠን መቀጠል

የመከነች ድመት የሚያስፈልጋት ጉልበት ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቷ ግን ይጨምራል። መጠኑን ያኔውኑ ማስተካከል በኋላ ከማክሳት እጅግ ይቀላል።

ጩኸቷን ሁሉ ረሃብ ማለት

ሊነጋጋ ሲል ጆሮዎ ሥር የምትጮኸው ድመት ተርባ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ስትጮህ እንደሚሰጣት ተምራለች። አንድ ቀን ተሸንፈው ከሰጧት ደግሞ ትምህርቱ ይጸናል። ቀን ላይ ስትጠጋዎት በገመድ ጫፍ ያሰሩትን ነገር እየጎተቱ አምስት ደቂቃ ያሯሩጧት። እኛ ቤት የባሰው ችግር ግን ሁላችንም መጋቢ መሆናችን ነበር፦ እኔ ጠዋት፣ ልጆች ቀን፣ ማታ ደግሞ «ዛሬ ማንም አልሰጣትም» የሚል አዛኝ አይጠፋም። አሁን የቀኑ ድርሻዋ ጠዋት ተመዝኖ አንድ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጣሳው ባዶ ከሆነ አለቀ። ሽልማት የምትቀምሰውም ከዚያው ተቀንሶ ነው፤ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ።

በሰው ሚዛን መከታተል

አቅፈዋት ሚዛን ላይ ቆመው ከድምሩ የራስዎን ክብደት መቀነስ ለግምት ይሆናል እንጂ የሳምንት 50 ግራም ለውጥ አያሳይም። የሕፃናት ሚዛን ካገኙ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከመብላቷ በፊት መዝነው ይጻፉት። ምግቧ በትክክል ተቀንሶ ከወር በላይ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ መጀመሪያ ጎረቤት ቤት እየበላች እንዳይሆን ያጣሩ፤ ከዚያ ሐኪም ያማክሩ።