ለእንቁራሪት አደን የሚሆን የፍላጻ ጫፍ አመራረጥ

በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ቡልፍሮግ የተባለውን ትልቅ እንቁራሪት በቀስት ማደን የሚፈቀደው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከጁን 30 ፀሐይ መጥለቂያ ጀምሮ እስከ ኦክቶበር 31 ሲሆን፣ አንድ ፈቃድ ያለው አዳኝ በቀን ከ8 በላይ መያዝ አይችልም። ቁጥሩ ጥቂት በመሆኑ የተወጋ እንቁራሪት እንዳይጠፋ ለፍላጻው ጫፍ ብርቱ ጥንቃቄ ሊደረግ ይገባል።

ለአጋዘን የሚሠራው ባለ ምላጭ ጫፍ ለዚህ አደን ፈጽሞ አይመከርም፤ የእንቁራሪት ገላ ለስላሳ ስለሆነ ጫፉ በስቶት አልፎ ጭቃ ውስጥ ሲቀበር፣ የቆሰለው እንስሳ ወደ ጥልቁ ውኃ ዘልሎ በከንቱ ይሞታል። ለዒላማ ልምምድ የሚያገለግለው ሾጣጣ ጫፍም የሚይዝበት እሾህ ስለሌለው እንቁራሪቱ በቀላሉ ሾልኮ ያመልጣል።

እኔ የምመርጠው ለዓሣ አደን የተሠራውን፣ ወደ ኋላ የዞሩ እሾሆች ያሉትን ጫፍ ነው፤ በተለይ እሾሆቹ ተፈትተው የሚገለበጡ ከሆኑ ሥጋው ሳይቀደድ ፍላጻውን ማውጣት ይቻላል። ይህ ጫፍ ከባድ ስለሆነ ከጠንካራ የፋይበርግላስ ፍላጻ ጋር ይገጠማል፤ ገመድ ከታሰረበት ደግሞ፣ ገመዱ ከቀስቱ ጅማት ጋር ተጠላልፎ ፍላጻው ወደ ተኳሹ እንዳይመለስ፣ በፍላጻው ላይ በሚንሸራተት ማያያዣ መታሰር አለበት።

ሣር በበዛበት ደረቅ ዳርቻ ግን በዙሪያው የሽቦ ክንዶች ያሉት ጁዶ የተባለው ጫፍ ይሻላል፤ ክንዶቹ ሣሩን ስለሚይዙ ፍላጻው ተቀብሮ አይጠፋም።