ኃይለኛ ሙቀት ያለበትን ቀን እንዴት በምቾት ማሳለፍ ይቻላል

የሰው አካል የውስጥ ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም እንዳይርቅ ያለማቋረጥ ይሠራል። አየሩ ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ በታች እስከሆነ ድረስ ከሰውነታችን የሚመነጨው ሙቀት በራሱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አየሩ ከዚያ ካለፈ ግን ነገሩ ይገለበጥና አየሩ ራሱ ያሞቀናል። ያን ጊዜ የሚቀረን መከላከያ ላብ ብቻ ነው። ላብም የሚያቀዘቅዘን ስለወረደ ሳይሆን ስለተነነ ነው፤ አንድ ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በመሆኑም ዋናው ሥራ ሙቀቱ እንዳይደርስብን መከልከልና ላባችን እንዲተን መርዳት ነው።

1. ቤቱን ከሙቀቱ ቀድመው ይዝጉ

ብዙ ሰው ቀትር ላይ ሲሞቀው መስኮቱን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ይህ ግን ውጭው ከቤቱ የበለጠ ከሞቀ ትኩሱን አየር መጋበዝ ነው። መስኮቶች የሚከፈቱት ሌሊትና ማለዳ ነው፤ የሚቻል ከሆነ አየሩ ከአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ትይዩ የሆኑትን ሁለቱን ይክፈቱ። ረፋዱ ላይ የውጭው አየር ከቤቱ መሞቅ ሲጀምር መስኮቱን ዘግተው ፀሐይ የሚያርፍበትን ወገን ይጋርዱ። ግርዶሹ ከመስታወቱ በስተውጭ ቢሆን በእጅጉ ይመረጣል። ፀሐይ ባረፈበት መስኮት ላይ በመስታወቱና በመጋረጃው መካከል እጅዎን ቢያስገቡ እዚያ ታፍኖ የቆመውን ትኩስ አየር ያገኙታል፤ ጨረሩ አንዴ መስታወቱን ካለፈ መጋረጃው የሚይዘው ቤት ውስጥ የገባ ሙቀት ነው። ምግብ ማብሰልንና ልብስ መተኮስንም በማለዳ ይጨርሱ።

2. የውጭ ሥራን ያሸጋሽጉ

የፀሐይ ጨረር የሚበረታው ቀትር ላይ ቢሆንም አየሩ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ ሙቀቱ ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ፀሐይዋ ከአናት ዘወር ስላለች ብቻ ለከባድ ሥራ መውጣት አይገባም። የግድ ከወጡ ሰፋ ያለ፣ ነጣ ያለ የጥጥ ልብስ ይልበሱ፤ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣም ያድርጉ።

3. ውኃ ከጥም አስቀድመው ይጠጡ

በሙቀት ውስጥ እየሠሩ ከሆነ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣት ይበጃል፤ ሆኖም በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል ማለፍ የደምን የጨው መጠን ስለሚያሳንስ ራሱ ጉዳት አለው። ከላብ ጋር የወጣውን ጨው ለመተካት ለአብዛኛው ሰው መደበኛ ምግብ ይበቃል። ሰውነቱ ፈሳሽ ለጎደለበት ሰው ደግሞ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። የሽንት ቀለም ከጠቆረ ውኃ እንዳነሰ ይወቁ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን የውኃውን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

4. ቆዳዎን ያርጥቡ

ከሁሉም እርምጃዎች ያለ ብዙ ወጪ ፈጣን እፎይታ የሚሰጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ክንድዎን፣ አንገትዎንና ፊትዎን በውኃ አርጥበው ሳያደርቁ ነፋስ ወዳለበት ወይም ወደ ቬንትሌተር ፊት ይቅረቡ፤ ውኃው ከቆዳው ላይ እየሳሳ ሲሄድ ቅዝቃዜው ወዲያው ይሰማል፣ ሲደርቅም ይቆማል፤ ያን ጊዜ እንደገና ያርጥቡት። አየሩ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ግን ቬንትሌተሩ ትኩስ አየር እየነፋ ሰውነትን ሊያሞቅ ስለሚችል ያጥፉት። ወበቅ ባለበት ቦታ አየሩ አስቀድሞ በእርጥበት ስለተሞላ ላብ ይንጠፈጠፋል እንጂ አይተንም፤ እንዲህ ባለ ቀን፣ የሙቀት መለኪያው ያን ያህል ከፍ ባይልም፣ ሥራ መቀነስና አየር ማቀዝቀዣ ወዳለበት ቦታ መሄድ ይሻላል።

5. ራሳቸውን መጠበቅ የማይችሉትን ይጠብቁ

አረጋውያን የጥም ስሜታቸው ስለሚደክም ውኃ ሳይጠይቁ ይውላሉ፤ ብቻቸውን የሚኖሩትን ሄዶ ማየት፣ እዚያው ቁጭ ብሎም ማጠጣት ያስፈልጋል። ሽንት የሚያበዙና ላብ የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አደጋውን ይጨምራሉ፤ ቢሆንም ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም። በቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ስለሚችል ሕፃንን ለአፍታም ቢሆን ትቶ መውረድ ፈጽሞ አይቻልም።

6. አደጋው ሲመጣ ፈጥነው ያቀዝቅዙ

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና የበዛ ላብ የድካም ምልክቶች ናቸው፤ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስተኝተው፣ ልብሱን አላልተው ውኃ ይስጡት። ንግግሩ ከተዛባ፣ ከቃዠ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ ግን የሙቀት ምት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሕይወት የሚያጠፋ ነው። አምቡላንስ ይጥሩና እስኪደርስ ሳይጠብቁ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውኃ እያራሱ ያራግቡለት፤ በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልለው አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ያድርጉ። ላቡ ስላልቆመ ብቻ ደህና ነው ብለው አይዘናጉ፤ ራሱን ለሳተ ሰውም በአፉ ምንም አይስጡ።