ማደሪያ ላይ የሚደገሙ ድግምቶች፦ ጥገና፣ ውሃ፣ ጭነትና የሌሊት ጥበቃ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው የሚና ጨዋታ አምስተኛ እትም (2014 እ.ኤ.አ.) ለመንገድ ሕይወት ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሕግ ሪቹዋል ነው። ሪቹዋል የሚል ምልክት ያለበትን ድግምት ከወትሮው 10 ደቂቃ አስረዝማችሁ ከደገማችሁት ስሎት (በቁጥር የተወሰነ የመድገሚያ ዕድል) አይበላም። ከደጋሚ ገጸ ባሕርያት ዓይነቶች፣ ለዊዛርድ ድግምቱ በመጽሐፉ ውስጥ ተጽፎ መገኘቱ ይበቃል። ክለሪክና ድሩይድ ግን ለዕለቱ ካዘጋጇቸው ውስጥ መሆን አለበት። ሶርሰረር በሪቹዋል መድገም አይችልም፤ ብዙ ቡድን ይህን ሳያይ ያቅድና መንገድ ላይ ይቸገራል።

ሲመሽ ከጥገና ጀምሩ። ሜንዲንግ የተባለው የጥገና ድግምት ካንትሪፕ (ስሎት የማይበላ ቀላል ድግምት) ስለሆነ የፈለጋችሁትን ያህል ትደግሙታላችሁ፤ እያንዳንዱ ጥገና ግን ሙሉ 1 ደቂቃና ሁለት የማግኔት ድንጋይ ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ የሚገጥመው አንድ ስብራት ወይም አንድ ቅድ ብቻ ነው፣ እሱም በየትኛውም ጎኑ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ። ቀስት በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የወጣበት የቆዳ ኮዳ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱን ደፍናችሁ ውሃ ብትሞሉት ከጀርባው ያፈሳል። ሁለት ጊዜ ድገሙ። ከትከሻ እስከ ጫፍ የተተረተረ ካባ ልኩን ስላለፈ ለመርፌና ለክር ተዉት። የተሰበረ አስማታዊ ዕቃም ገላው ይጠገናል፣ አስማቱ ግን አይመለስም።

ኮዳው ሳይደፈን ውሃ አትጥሩ። አንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል፣ በሙቀት ደግሞ እጥፍ፤ አንድ ኮዳ የሚይዘው ግን 2 ሊትር ያህል ነው። ውሃ የሚፈጥረው ድግምት እስከ 38 ሊትር ያወጣል፤ ዕቃ ግን አይሰጣችሁም፣ ክፍት ማጠራቀሚያ ከፊታችሁ መኖር አለበት። ባልዲ 11 ሊትር ብቻ ስለሚይዝ አስቀድማችሁ ሦስት አራቱን ደርድሩ። ይህ ድግምት ሪቹዋል አይደለም፣ ስሎት ይበላል። በአቅራቢያ ኩሬ ካለ ፒዩሪፋይ ፉድ ኤንድ ድሪንክ ይመረጣል፦ በሪቹዋል ይደገማል፣ በ1.5 ሜትር ራዲየስ ውስጥ ያለውን ምግብና መጠጥ ሁሉ ከመርዝና ከበሽታ ያነጻል። ኮዳውን፣ ድስቱን፣ የተገዛውን ሥጋ አንድ ቦታ ሰብስባችሁ በአንድ ድጋም ጨርሱት። ድግምቱ የሚናገረው ስለ መርዝና ስለ በሽታ ነው፣ ስለዚህ ድፍርሱን ቀድማችሁ በሻሽ አጥልሉት።

ድሩይድ ወይም ሬንጀር ካላችሁ፣ ሲነጋ በሚታደሰው ስሎት ላይ አትሰስቱ። ከመተኛት በፊት በተረፈው ስሎት ጉድቤሪ የተባለውን ድግምት ደግማችሁ 10 ፍሬ አውጡ። አንዷ ፍሬ አንድን ሰው ለአንድ ቀን ትመግባለች፤ ኃይሏ ግን በ24 ሰዓት ያልቃል፣ ቋጥራችሁ ለሳምንት ልትይዟት አትችሉም። ለሌሊት ድንገተኛ ውጊያ አንድ ስሎት ማስቀረቱ አይከፋም።

ጭነት ላይ ብዙ ሰው የሚያጣው ፍሎቲንግ ዲስክን በትክክል ባለማወቁ ነው። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሳህን ነው፤ ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ 227 ኪሎ ይሸከማል፣ ለ1 ሰዓት ይቆያል። ከዚህ በላይ ከጫናችሁት ድግምቱ ይቋረጥና ዕቃው ሁሉ ይወድቃል። ከእናንተ 6 ሜትር ውስጥ እስካለ ባለበት ይቆማል፣ ስትርቁ ይከተላል። ይህ ማለት ደጋሚው ራሱ ላዩ ላይ ተቀምጦ አይነዳውም። ደረጃና ዳገት ይወጣል፤ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ገደል ሲገጥመው ግን ይቀራል፣ እናንተም ከ30 ሜትር በላይ ከራቃችሁት ይጠፋል። በሙሉ ቀን ጉዞ 45ኛው ደቂቃ ላይ ሁለተኛውን በሪቹዋል ጀምሩ፣ ሲወጣ ጭነቱን አዛውሩ። 60ኛውን ደቂቃ የጠበቀ ሰው በርሜሉን ከመሬት ያነሳል። እየተራመዱ ሪቹዋል መድገም ይቻል እንደሆነ ጉዞው ሳይጀመር ከዳንጀን ማስተራችሁ (ጨዋታውን ከሚመራው ሰው) ጋር ተስማሙ። ድግምቱ የሚፈልገውን የሜርኩሪ ጠብታም አትርሱ።

የመጨረሻው ሥራ አላርም ይሁን። በሪቹዋል 11 ደቂቃ ይፈጃል፣ ትንሽ ቃጭልና ቀጭን የብር ሽቦ ይፈልጋል። በርን፣ መስኮትን ወይም በየጎኑ እስከ 6 ሜትር የሆነ ቦታን ለ8 ሰዓት ይጠብቃል። ረጅሙ ዕረፍትም 8 ሰዓት ስለሆነ ደግማችሁት እራት ከቀመሳችሁ፣ የንጋቱ ሰዓት ያለ ጥበቃ ይቀራል። ደወሉ በአእምሮ ብቻ እንዲሰማ ካደረጋችሁት ደጋሚውን ብቻ ይቀሰቅሳል፣ እስከ 1.6 ኪሎ ሜትር ድረስ። በድምፅ ከሆነ 10 ሰከንድ ይጮኻል፣ 18 ሜትር ውስጥ ላለ ሁሉ፣ ለጠላትም ጭምር። የማያስጮኹትን ስትቆጥሩ ጓደኞቻችሁን ብቻ ሳይሆን በቅሎዋንና ውሻውንም ጥሩ። በሕጉ እጅግ ትንሽ የሚባለው ፍጡር፣ ለምሳሌ አይጥ፣ ስለሚያስጮኸው እህል የተከመረበትን ጥግ ከክልሉ ውጭ አድርጉት።

መንደር ላይ ካረፋችሁና 5ኛ ሌቭል (የገጸ ባሕሪ የዕድገት ደረጃ) የደረሰ ድሩይድ ካላችሁ፣ ፕላንት ግሮውዝ የተባለውን የዕፅዋት ድግምት በረጅሙ መንገድ፣ በ8 ሰዓት ድጋም ስጧቸው። ራዲየሱ 800 ሜትር ስለሆነ 200 ሄክታር ገደማ፣ በድሮው ልክ 5 ጋሻ ያህል መሬት ይሸፍናል፤ ያ መሬት ለ1 ዓመት እጥፍ ምርት ይሰጣል። እኛ ካየናቸው የሦስተኛ ደረጃ ድግምቶች ለብዙ ሰው የሚተርፍ እንዲህ ያለ የለም። ድሩይዱን ማሳው መሐል አስቀምጡት፣ ዳር ላይ ከሆነ ግማሹ ጫካና መንገድ ላይ ይባክናል። 8ቱን ሰዓት ሙሉ ሐሳቡ መሰብሰብ ስላለበት አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም፣ ልጆችና ከብት አይጠጉት። ከተቋረጠ ድግምቱ ይከሽፋል፣ ስሎቱ ግን አይባክንም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይደግመዋል።