በኢንፍሉዌንዛና በኮቪድ በተጎዳ ሳንባ ላይ ፈንገስ ሲደረብ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

«የበሽታ መከላከል አቅሙ ደህና ነው» ብሎ መዘናጋት። አስፐርጊለስ የተባለው ፈንገስ የካንሰርና የንቅለ ተከላ ታካሚዎች ጣጣ ብቻ አይደለም። ቫይረሱ የአየር ቧንቧውን ሽፋን ሲያበላሸው በየትንፋሹ የሚገባው ስፖር (የፈንገሱ ደቂቅ ዘር) ጠራጊ ያጣል፤ ስቴሮይድ ሲታከልበት ስፖሩን የሚውጡት ሴሎችም ይዳከማሉ። በኢንፍሉዌንዛ ጊዜ ታካሚው ጽኑ ሕሙማን ክፍል በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ የፈንገስ ኢንፌክሽኑ ሊከሰት ይችላል፤ በኮቪድ ብዙውን ጊዜ ዘግየት ይላል።

ሲቲ ስካን ላይ «ሃሎ» (በቋጠሮ ዙሪያ የሚታይ ደብዛዛ ቀለበት) መጠበቅ። ይህ ምልክት የሚታየው በአብዛኛው ኒውትሮፊላቸው (ኢንፌክሽን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል) ባለቀ ታካሚዎች ላይ ነው። ቫይረሱ ቀድሞ ባነጣው ሳንባ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። አንቲባዮቲክ እየተሰጠ የማይወርድ ትኩሳት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ሲሻለው ቆይቶ እንደገና የሚጨምር የኦክስጅን ፍላጎት ለምርመራ በቂ ምክንያት ናቸው።

ትልቁ ስህተት ግን ናሙናው ላይ ነው። ከቱቦ በተመጠጠ አክታ ካንዲዳ የተባለው ሌላ ፈንገስ ቢበቅል ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሰፋሪ (በሽታ ሳያመጣ የሚኖር) ነው፤ መድኃኒት አይጀመርለትም። አስፐርጊለስ ከበቀለ ግን መናቅም፣ በዚያ ብቻ ምርመራውን መዝጋትም አያዋጣም፤ ታካሚው ከቻለ ብሮንኮስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ የአየር ቧንቧን መመርመር) ይሠራ። ከታጠበው ሳንባ የተመለሰው ፈሳሽ ለማይክሮስኮፕ፣ ለካልቸርና ለጋላክቶማናን (የአስፐርጊለስ አንቲጅን) ምርመራ ይላክ፤ የገባውና የተመለሰው ሚሊ ሊትርም ይጻፍ፣ ፈሳሹ በቀጠነ ቁጥር ውጤቱ ይወርዳልና። የፈሳሹ ጋላክቶማናን 1.0 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥርጣሬውን ያጠናክራል። የቧንቧው ግድግዳ ላይ ነጭ ልባስ ወይም ቁስል ከታየ ናሙና ተወስዶ ሕክምናው ውጤት ሳይጠበቅ ይጀመር፤ ይህኛው ዓይነት ፈጣን ነው። የደም ጋላክቶማናን ከ0.5 በላይ ከሆነ ክብደት አለው፤ ኔጌቲቭ መሆኑ ግን ነጻ አያወጣም፣ ጤናማ ኒውትሮፊል አንቲጅኑን ከደም ያጸዳዋልና።

ቮሪኮናዞል የተባለውን ፀረ ፈንገስ ጀምሮ በደም ውስጥ ያለውን መጠን አለመለካት። በደም ሥር 6 ሚሊ ግራም በኪሎ በየ12 ሰዓቱ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ 4 ሚሊ ግራም በኪሎ በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል። ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ቀጣዩ ዶዝ ሊሰጥ ሲል ደም ይቀዳ፤ ከ1 እስከ 5.5 ሚሊ ግራም በሊትር ይፈለጋል። ማደንዘዣዎቹ ሚዳዞላምና ፌንታኒል ከቮሪኮናዞል ጋር ከተሰጡ ይጠራቀማሉ፤ «ማደንዘዣው ቆሞ አልነቃም» የሚባለው ታካሚ አንዳንዴ ችግሩ ይኸው ነው። ኪውቲ (በልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ላይ የሚለካ የጊዜ ርዝመት) ከረዘመ ኢሳቩኮናዞል የተባለው ሌላ ፀረ ፈንገስ ይሻላል፣ እሱ ያሳጥረዋል።

ሙኮር የተባለውን ሌላ ፈንገስ መርሳት። ስኳሩ ከቁጥጥር በወጣ ታካሚ ላይ ጋላክቶማናን ኔጌቲቭ ሆኖ ሳንባው እየባሰ ከሄደ ይታሰብ። ቮሪኮናዞል አይነካውም፤ ሊፖዞማል አምፎቴሪሲን ቢ፣ ሲቻልም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ስቴሮይድን በልማድ ማስረዘም። ለከባድ ኮቪድ ዴክሳሜታዞን በቀን 6 ሚሊ ግራም ቢበዛ ለ10 ቀን ነው፤ ለኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ሌላ ምክንያት ከሌለ አይሰጥም።

ታካሚው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጣ ፀረ ፈንገሱን ማቋረጥም የተለመደ ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል፤ የተጀመረበት ቀንና የሚቀጥለው የሲቲ ስካን ቀጠሮ በመሸኛው ወረቀት ላይ ይስፈር።